ዐቃቤ ሕጉ ወንጀለኛ የሆነበት ችሎት

አንባቢ ሆይ፤ በሥዕል የሚነገሩትን የአሜሪካ ታሪኮች የልጅ መጫወቻ ናቸው ብለህ ንቀህ እንደ ሆነ ለዛሬ ጥቂት ታገሠኝ። የማነሣልህ የሕግ ሰው ነውና ትምህርትህንም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሥራህን አያዋርድብህም።

ስሙ ሃርቬይ ዴንት ነው። ቢል ፊንገርና ቦብ ኬን በ1942 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ) በባትማን ታሪክ ውስጥ ሲያወጡት ሃርቬይ ኬንት ብለውት ነበር፤ ኋላ ከሱፐርማኑ ከክላርክ ኬንት ጋር እንዳይምታታ ተለወጠ። ይህ መልከ መልካም ዐቃቤ ሕግ ሞሮኒ የተባለውን የወንበዴ አለቃ በነፍስ ግድያ ከሶ ችሎት ፊት ያቆመዋል። ባትማን ይመሰክራል። ተከሳሹ ይክዳል። በዚህ ጊዜ ዴንት አንድ የብር ዶላር ያሳያል፤ በሁለቱም ገጽ አንድ መልክ ያለበት፥ ግድያው በተፈጸመበት ስፍራ የተገኘ፥ የሞሮኒም የጣት አሻራ ያረፈበት ነው።

የችሎት ልቦለድ የምታነብ ከሆንህ ይህችን ደቂቃ ታውቃታለህ። ራሱ ጠበቃ የነበረው ኧርል ስታንሊ ጋርድነር ከ1933 ጀምሮ ባወጣቸው የፔሪ ሜሰን መጻሕፍት አንባቢውን የሚያስጠብቀው ለዚህችው ነው፤ ማስረጃው ይወጣል፥ ሐሰተኛው ይጋለጣል፥ መጽሐፉም ይዘጋል። በላ ልበልሃ ሲባል የኖረ ሕዝብ ነንና ደስታው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፊንገር ግን ጋርድነር ከሚያበቃበት ይጀምራል። እውነቱ በወጣ ቅጽበት ሞሮኒ አሲድ ይረጫል፤ የዴንትም ግማሽ ፊት ይቃጠላል።

ልብ በል፤ ዴንት በክርክሩ አልተረታም። ሕጉ ሠርቷል፤ ማስረጃውም በቂ ነበር። ክፋቱን ከሌሎቹ የሚለየው ይህ ነው። ያንን ዶላር ወስዶ አንዱን ገጽ ይቧጭረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ክፉ ልሥራ ወይስ ደግ ሲል ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ይወረውረዋል። ትናንት ማስረጃ የነበረው ዛሬ ዳኛ ሆነ። ከፊቱ የከበደ መዝገብ የተቀመጠለት ጸሓፊ ይህ ዶላር እንዴት እንደሚያጓጓ ሳያውቅ አይቀርም።

ኬን መነሻው የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ መሆኑን ተናግሯል። ከዚያ ታሪክ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው መድኃኒቱን ነው። ነገር ግን ደራሲው ስቲቨንሰን ሕግ የተማረ ሰው ነበር፤ በ1886 በታተመው በዚህ መጽሐፍ ምስጢሩን የሚከታተለውም አተርሰን የተባለ ጠበቃ ሲሆን፥ አስቀድሞ ያሳሰበው አንድ የኑዛዜ ወረቀት ነው። የባለሁለት ፊቱ ሰው አያት እንግዲህ ከጠበቃ መዝገብ የወጣ ነው።

በ1987 የቀድሞው ዐቃቤ ሕግ ስኮት ቱሮው ዐቃቤ ሕጉን ራሱን በነፍስ ግድያ ተከሳሽ አድርጎ አንድ ልቦለድ አወጣ፤ እንዲህ ያለው ልቦለድም ብዙ አንባቢ አገኘ። ጄፍ ሎብና ቲም ሴል በ1996 እና በ1997 የዴንትን ታሪክ በ13 ክፍል እንደገና ሲያወጡት አሲዱን ቶሎ አልረጩትም። ክስ ሲከሽፍ፥ ምስክር ሲሞት፥ የሰውዬው ትዕግሥት ሲያልቅ በዝግታ እናያለን። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። የ1942ቱ ዴንት በአንድ ቀን ይከፋል፤ ይህኛው ግን አሲዱ ባይረጭም ኖሮ ዶላሩን ያነሣው ነበር ባይ ነኝ። ተማሪዎቼ አይስማሙም፤ ባለፈው ሳምንት ለሁለት ተከፍለው ደወል እስኪደወል ተከራክረውበታል።