ጫማው ከመታደሉ በፊት፦ ስለ እግር ሽታና ስለ ፖዶኮኒዮሲስ ሕክምና

በደብረ ታቦር ዙሪያ ባሉ የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች በተለምዶ «ዝሆኔ» የሚባለው የእግር እብጠት የቆየ የጤና ችግር ነው። በሕክምናው አጠራር ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስለዚህ በሽታ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚነሡት የእብጠቱ መጠን፣ የሕሙማኑ ብዛትና የጫማ እጦት ናቸው። ሕሙማኑን ከሰው መካከል የሚያስወጣው የእግር ሽታ ግን እንደ ጎን ጉዳይ ይታለፋል። በእኔ እምነት ሽታው የሕክምናው መነሻ ሊሆን ይገባዋል፤ ጫማ ማደልም ያለ ውኃና ሳሙና በቂ አይደለም።

ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ስሰበስብ በአንድ የገጠር ቀበሌ ያነጋገርኋቸው እናት ስለ እብጠቱ ጥቂት ተናግረው ስለ ሽታው ደጋግመው ጠየቁኝ። ልቅሶ ቤት ከደጅ እንደሚቀመጡ፣ በሰንበትም ጫማ አውልቀው ቤተ ክርስቲያን ከመግባት ይልቅ በዐፀዱ ዛፍ ሥር ቆመው እንደሚያስቀድሱ ነገሩኝ። በእጄ የያዝሁት መጠይቅ ስለ ሽታ አንድም ጥያቄ አልነበረውም።

ላብ በራሱ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በላብ ውስጥ የሚገኘውን ሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ሲያፈርሱ አይሶቫለሪክ አሲድ ይፈጠራል፤ የተለመደው የእግር ሽታ በዋነኛነት ከዚህ ይመነጫል። አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ጫማ ያለ ካልሲ ሲደረግ እርጥበቱ ስለሚታፈን ሽታው ይብሳል። ቆዳው ጤነኛ ለሆነ ሰው እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ የጣቶችን መካከል በሚገባ ማድረቅ፣ ካልሲ መቀየርና ጫማን ማናፈስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

በፖዶኮኒዮሲስ ሕሙማን ዘንድ ግን ነገሩ ከዚህ የከበደ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረጓቸው ጥናቶች በሽታው ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። የጉና ተራራና አካባቢው ከእሳተ ገሞራ የተገኙ መሆናቸው እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ትንኝም አያመጣውም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለም እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት አረጋግጧል። እግሩ ሲያብጥ ቆዳው ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ፈሳሽ ያዣል፤ በእጥፋቶቹ ውስጥም ባክቴሪያና ፈንገስ ይራባሉ። ሕመምተኛውን በትኩሳትና በብርቱ ሕመም አልጋ ላይ ለሚጥለው ድንገተኛ ግርሻም መግቢያው ያው የተሰነጠቀ ቆዳ ነው። ስለዚህ ሽታው የነውር ምልክት ሳይሆን ቆዳው መከላከያነቱን ማጣቱን የሚናገር የሕክምና ምልክት ነው።

ይህን መከላከል እንደሚቻል ማስረጃው ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም። በጎረቤታችን ምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት፣ የእግር ንጽሕና፣ የቆዳ እንክብካቤ፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ በአንድነት ሲሰጡ ድንገተኛው ግርሻ በአንድ ዓመት ውስጥ በ19 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ጫማው ከዝርዝሩ አንዱ እንጂ ብቸኛው አለመሆኑ ነው።

እርግጥ ነው፣ ገና ላልታመመ ሕፃን ጫማ ዋነኛው መከላከያ ነው። ያልታጠበና ያልደረቀ የታመመ እግር በተዘጋ ጫማ ውስጥ ሲገባ ግን እርጥበቱ ይታፈናል፣ ሽታው ይጨምራል፤ ባለቤቱም ጫማውን ትቶ ወደ ባዶ እግሩ ሊመለስ ይችላል። በበጋ ውኃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባ በሚቀዳበት መንደር ደግሞ እግርን በየቀኑ መታጠብ የሚጠይቀው ፈቃደኝነትን ብቻ አይደለም። በመሆኑም ጫማ የሚያድል ሁሉ ሳሙና፣ በውኃ ተበጥብጦ ለመዘፍዘፊያ የሚሆን በረኪና፣ ቫዝሊንና ካልሲ አብሮ ሊያቀርብ፣ የውኃውንም ምንጭ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።

ሽታ በሚዛን አይለካም የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። ሕመምም በሚዛን አይለካም፤ ነገር ግን ሕመምተኛውን ጠይቀን ደረጃ እንሰጠዋለን። ሽታንም በዚያው መንገድ መመዝገብ፣ ሕመምተኛው ከሰው ጋር መቀመጥ መጀመሩንም እንደ ሕክምና ውጤት መቁጠር ይቻላል።

በአገራችን ከፖዶኮኒዮሲስ ጋር የሚኖሩ አዋቂዎች ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ተገምቷል። ከእነዚህ መካከል ስንቶቹ ከደጅ እንደሚቀመጡ ለማወቅ መጀመሪያ ልንጠይቃቸው ይገባል። እኔም መጠይቄን አስተካክዬ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ገጽ አስገብቼዋለሁ።