ድንች በጆንያ

ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ባለው ሲሚንቶ ላይ ድንች በጆንያ እንትከል የሚል አሳብ ከተነሣ ወዲህ፣ «ዩኒቨርሲቲ የገባነው ልንኮተኩት ነውን?» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች በዝተዋል። እኛ ይህን ጥያቄ በሣቅ ማለፍ አንፈልግም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተዋል። የእነርሱን ታሪክ እናጠናለን፤ ስለ ገበሬውም ሃያ ገጽ እንጽፋለን፤ ነገር ግን የድንች ቡቃያ ከወዴት እንደሚወጣ የምናውቀው ስንቶቻችን ነን? ከገጠር የመጣው ጓደኛችን ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን ማወቁን ለመናገር ያፍራል። እኛን ያሳዘነን ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው።

ድንች ራሱ እንግዳ ነው። ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ በ1850 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን እንዳስገባው ይነገራል፤ ይበልጥ የተስፋፋውም ክፉ ቀን ከተባለው ረኃብ በኋላ ነው። በችግር ጊዜ የለመዱትን ምግብ ጠግቦ መናቅ ደግሞ የቆየ ጠባያችን ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። የማዳበሪያ ጆንያ ወይም አፉ የተቆረጠ ጄሪካን ከሥሩ ይበሳል፤ ውኃው መውጫ ካጣ ድንቹ ይበሰብሳል። የዶሮ እንቁላል የሚያህለው ዘር፣ ብርሃን እንጂ የቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ተዘርግቶ አጭርና ወፍራም ቡቃያ እስኪያወጣ ይቆያል። ከዚያ ጆንያው ወደ ውጭ ተጠቅልሎ፣ ከታች አንድ ስንዝር ያህል አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይጨመርበታል። ለአንድ ጆንያ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዘር ይበቃዋል። ግንዱ ስንዝር ባለፈ ቁጥር ጫፉን ብቻ አስቀርቶ አፈር ማልበስ ነው፤ ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመርራል፣ የበላውንም ሊመርዝ ይችላል።

አንዳንዶች ጆንያው በረዘመ ቁጥር እስከ አፉ በድንች ይሞላል እያሉ ያወራሉ። እኛ አንቀበለውም። ብዙው የድንች ዓይነት ፍሬውን የሚይዘው ከዘሩ ብዙም ሳይርቅ ነውና፣ እንዲህ ያለ ተስፋ ሰጥቶ ሰውን ማሰለፍ በመጀመሪያው ምርት ላይ ማሳፈር ይሆናል። አንድ ጆንያ የካፌውን ወጥ አይተካም። በኪራይ ቤት ራሱ አብስሎ ለሚበላው ተማሪ ግን ጥቂት ቀን ማለፊያ ነው፤ ይህንም የሚንቅ እርሱ አብስሎ አያውቅም።

ዘሩ ነው የሚያሳስበን። የገበያ ድንች ከዐይን የተሰወረ በሽታ ይዞ ይመጣልና፣ ከሆለታ ምርምር ማዕከል ከወጡት እንደ ጉደኔና በለጠ ካሉት ንጹሕ ዘር ቢፈለግ ይሻላል። ድንች የነበረበት አፈርም በማግሥቱ ለድንች፣ ለቲማቲም ወይም ለበርበሬ አይደገምም፤ የአንድ ቤተ ዘመድ ስለ ሆኑ በሽታቸው አንድ ነው። ሁለተኛው ውኃ ነው። የጆንያ አፈር ከመሬት ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ቧንቧውም (እንደምናውቀው) የሚመጣው ሲፈልግ ነው። ስለዚህ ተራ ገብቶ በባልዲ ማጠራቀም ግድ ይሆናል።

ድንች ከተተከለ በኋላ ለመድረስ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል፤ ይኸውም አንድ ሴሚስተር ማለት ነው። ትምህርት በተጀመረ ሰሞን የተተከለው ለፈተና ሰሞን ይደርሳል፤ ዘግይቶ የተተከለው ግን ዕረፍት ይመጣበትና የሚያጠጣው ያጣል። ስለዚህ ኅብረታችን የሚቀጥለው ሴሚስተር ሳይከፈት ያንን ሲሚንቶ ከአስተዳደሩ ይጠይቅልን። ጆንያውን እኛ እናመጣለን።