ቀድሞ መድረስና ፊደል ማስቈጠር

በወለጋ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ታሪክ በተነሣ ቍጥር የሚቀድመው ጥያቄ «ማን ቀደመ?» የሚለው ነው። ካቶሊኩ ለካቶሊክ፥ ወንጌላዊው ለወንጌላዊ ይፈርዳል። ነገሩ በመቅደም ብቻ የሚዳኝ ቢሆን ክርክሩ ገና ድሮ ባለቀ ነበር፤ አቡነ ማስያስ ዓባይን ተሻግረው ጉዱሩ አሰንዳቦ የገቡት በ1852 ነውና (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)።

ነገር ግን መጠየቅ የሚገባው፥ ለሕፃኑ የተሰጠው መጽሐፍ በማን ቋንቋ ተጻፈ የሚለው ነው። አቡነ ማስያስ ኦሮምኛን ለማወቅ ብዙ ደክመዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። በ1867 በፓሪስ ያሳተሙት የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው ግን በላቲን የተጻፈ፥ ለሚሲዮናውያን የታሰበ ነው። የአሰንዳቦ እረኛ ምን ያደርግበታል?

ለእረኛው የሚሆነው መጽሐፍ የተገኘው በባርነት ከተሸጡ ሰዎች እጅ ነው። ኦኔስሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ከኢሉባቦር ተወስደው ምጽዋ ላይ ነጻ የወጡ ናቸው። አስቴር ጋኖም የባሪያ ነጋዴ ባሕር ሊያሻግራቸው ሲል በ1886 በኢጣሊያ መርከብ ተይዞ ተረፉ። ሁለቱም በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ። በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ በግዕዝ ፊደል ታተመ፤ በውስጡ ካሉት ተረቶችና ዘፈኖች ብዙውን አስቴር ከልጅነት ትዝታቸው ያወጡት ነው። በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ ተከተለ። በ1904 ነቀምቴ ደረሱ፤ በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ጥላ ሥር ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለካህን መጻፍ ይከብዳል፤ ሆኖም ይጻፍ። በ1906 ኦኔስሞስን በአቡነ ማቴዎስ ፊት የከሰሱት የዚያው አገር ካህናት ናቸው። ክሱ የሃይማኖት ክስ ነበር። ዳሩ ግን ኦኔስሞስ በኦሮምኛ ሲሰብኩ ሕዝቡ ይሰማል፥ ካህናቱ ግን ቋንቋውን አይሰሙም። መንጋው የሚሰማውን እረኛው ካልሰማ፥ መማር የሚገባው ማን ነበር? አቡኑ የፈረዱትን ስደት ዳግማዊ ምኒልክ አቅልለው፥ በነቀምቴ ይኑሩ፥ ስብከት ግን ይተዉ አሉ። ልጅ ኢያሱ በ1916 እስኪፈቅዱላቸው ድረስ ዐሥር ዓመት አለፈ።

የኦኔስሞስ ስም ዛሬ ይጠራል። አስቴር ግን በብዙ ጽሑፍ «የኦኔስሞስ ረዳት» ተብለው በአንድ መስመር ይታለፋሉ። ረዳት! የኦሮምኛ ቃላትን ለመዝገበ ቃላት የሰበሰቡ፥ በነቀምቴም ልጃገረዶችን ፊደል ያስቈጠሩ ሴት ረዳት ከተባሉ፥ ዋናው መምህር ማን ኖሯል?