መቼ ነው የሚገናኙት?

መርሳ ያለች አንዲት ጓደኛችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከእኛ ተውሳ ወሰደች። በሁለተኛው ሳምንት ስንደውልላት «ኧረ እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚገናኙት? የፍቅር መጽሐፍ ነው ብላችሁ ሰጣችሁኝ፤ እኔ ግን እስካሁን የማነበው የልጁን እናትና አባት ታሪክ ነው» አለችን። «ትንሽ ታገሺ» አልናት። የት ልትታገሥ! ገጹን እየዘለለች ሰብለ ወንጌል ዘንድ ደረሰች። የገበሬዎቹንም አመፅ ዘለለችው። መጨረሻው ላይ አልቅሳ መጽሐፉን ስትመልስልን ግን «በዛብህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚፈራው?» ብላ ጠየቀችን።

መልሱ እኮ የዘለለችው ገጽ ላይ ነበር!

እናማ ዛሬ ጥብቅና የምንቆመው ለዚያ ለተዘለለው ገጽ ነው። (መጽሐፉን ያላነበባችሁ፣ መጨረሻውን ስለምናወራ ከወዲሁ ይቅርታ።)

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ በፍቅር አይጀምርም። በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ትዳር ይጀምራል። ልጃቸው ይታመማል፣ ከዳነ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ይሳላሉ። በዛብህ እንግዲህ ገና በልጅነቱ የሌላ ሰው ስለት ተሸክሞ ነው ያደገው። ወዲያ ማዶ ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ አሉ። ለልጃቸው የመጣውን ጠያቂ ሁሉ «ዘሩ አይመጥንም» እያሉ ሲመልሱ የሰብለ የማግቢያ ዕድሜ ያልፋል። ሁለቱ አስተማሪና ተማሪ ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ፣ በመካከላቸው ስለትና የዘር ሐረግም አብረው ተቀምጠዋል።

ይህን ሁሉ በጥቂት ዐረፍተ ነገር መናገር ይቻላል፤ እኛም አሁን ተናገርነው። ልዩነቱ ያኔ ታውቁታላችሁ እንጂ አይከብዳችሁም። ደራሲው ቀስ የሚሉት የዓመታቱ ክብደት አንባቢው ትከሻ ላይም እንዲያርፍ ነው ባዮች ነን።

ሐቁን እንናገር ካልን እኛም ያዛጋንበት ቦታ አለ። ጉዱ ካሣ ንግግር ሲጀምር ሻይ አፍልተን የተመለስንበት ጊዜ ነበር። በአበጀ በለው የሚመራው የገበሬዎቹ አመፅም ሁለቱን ልጆች ለብዙ ገጽ ያስረሳል። ነገር ግን ያ አመፅ ባይኖር ፊታውራሪ መሸሻ የማይነቃነቁ ተራራ ሆነው ይቀሩ ነበር። ገበሬው ደፍሮ እምቢ ሲላቸው ካየን በኋላ ነው ልጃቸውም እምቢ ልትል እንደምትችል የምናምነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ «ጦቢያ»ን አስቡት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በአማርኛ የመጀመሪያው የሚባለው ልብ ወለድ ነው። እዚያም ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትወጣለች። ታሪኩ አጭር ነው፣ ይሮጣል፣ ከአንዱ አጋጣሚ ወደ ሌላው ይዘላል፣ በመጨረሻም በሠርግ ያልቃል። ደስ ይላል። ግን ማን ነው ለጦቢያና ለንጉሡ ፍቅር ሌሊት የተጨነቀ? ሰብለም የምንኩስና ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ትወጣለች። የእሷ መንገድ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ይቆጠራል። ያን ያህል ተጉዛ በዛብህን የምታገኘው ሽፍቶች አቁስለውት ሊሞት ሲል ነው። መንገዱ ረጅም፣ መገናኘቱ አጭር። ደራሲው መገናኘቱን ቢያስረዝሙትና መንገዱን ቢያሳጥሩት ኖሮ አሳዛኝ ዜና እንጂ ይህ መጽሐፍ አይሆንም ነበር።

ወላጆቻችን በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ሰምተዋል። ሬዲዮ ገጽ አያስዘልልም። ቀጣዩ ክፍል እስኪደርስ ሰብለን በሐሳብ ይዞ መክረም ግድ ነበር። ዛሬ ግን ታሪኩን በአምስት ደቂቃ ቪዲዮ አሳጥሮ የሚነግረን ሞልቷል። እናመሰግናለን፤ ግን ያሳጠራችሁት ፍቅሩን ነው።

ወልድያ ላይ ተቀምጠን ስንጽፍ ደግሞ ነገሩ የመጽሐፍ ብቻ አይመስለንም። ከሀብሩ ስንቱ ወጣት በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ሄደ፤ እዚህ የቀረችው ትጠብቃለች። በጦርነቱም ጊዜ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሳለች፣ ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ባንክ የለም። አዲስ አበባ ያለው እጮኛ ወልድያ ያለችው እጮኛው ትኑር ትሙት ሳያውቅ አራት ወር ከረመ። እንዲህ የከረሙ ሰዎችን «መቼ ተገናኛችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ታኅሣሥ ላይ» ይሏችኋል። መልሱ ልክ ነው። ታሪካቸው ግን ያለው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ቀናት ውስጥ ነው፣ ምንም በማይሰማባቸው፣ አንዱ ሌላውን በሚመስሉት ቀናት። እነዚያን ያየ ሰው ስለ መጠበቅ የተጻፈን ገጽ «ምንም የማይሆንበት ገጽ» ብሎ አያልፈውም።

ስለዚህ የዘመናችን የታሪክ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ሆይ፣ እባካችሁ አንባቢ ይሰለቻል ብላችሁ ፍቅረኞቹን በሦስተኛው ገጽ አታስተቃቅፉብን። ማስረዘም ብቻውን ጥበብ ነው እያልን አይደለም፤ ዝም ብሎ የተንዛዛም መጽሐፍ አይተናል። መዘግየቱ ምክንያት ይኑረው፣ እያንዳንዱ የዘገየ ገጽ አንድ ተጨማሪ ግድግዳ ያሳየን። ያኔ ግድግዳው ሲፈርስ እኛም አብረን እንፈርሳለን።

የመርሳዋ ጓደኛችን መጽሐፉን እንደገና ልትወስድ ነው። የሰጠናት አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ከቦጋለና ከውድነሽ እንድትጀምር። መርሳ ተቀምጠሽ ደግሞ ይህን እንዳትረሺ ብለናታል።