ሞተሩ ነከሰ፤ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

የዚህ ሳምንት ጥያቄ የመጣው ከወደ አብርሃ ጅራ ነው። የፍቅር ጉዳይ አይደለም፤ ግን ሁለት ወንድማማቾችን ሊያኳርፍ ደርሷል። ጠያቂያችን የ24 ዓመት ወጣት ነው። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሆነው፣ እናታቸው የወጣላቸውን ዕቁብ ጨምረው፣ ያገለገለ ኢሱዙ ገዙ። ሐሳባቸው ሰሊጥ ወደ ጎንደር እየጫኑ ገንዘባቸውን መመለስ ነበር። መኪናው ግን በሁለተኛው ጉዞ ሳንጃን አልፎ ዳገቱ ላይ ሞቀና ቀጥ አለ። ሞተሩ ነከሰ። ታላቅየው «ሌላ ሞተር ገዝተን እንገላገል» ሲል፣ ታናሽየው «እናሳድሰው» ይላል። «ማናችን ነን ልክ?» ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ እስካሁን ሁለታችሁም ልክ አይደላችሁም። ሞተሩ አልተከፈተማ! ሳይከፈት የሚወሰን ነገር ሎተሪ ነው። ሞተር ሲፈቱ የኖሩ መካኒኮችን ጠይቄ ነበርና የነገሩኝን በተራ ላስቀምጥልህ።

በመጀመሪያ፣ በእርግጥ ነክሷል ወይ? ሞተሪኖ ሲያዝም ሞተሩ የነከሰ ይመስላል። ሲሊንደር ውስጥ ውኃ ሲገባም እንደዚያው። ስለዚህ ሞተሪኖው ይውረድ፣ ኖዝሎቹ ይፈቱ፣ ከዚያ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ከፊት በኩል በቁልፍ በእጅ ይሞከር። ከዞረ እሰየው፤ ወጪው ሊቀል ይችላል። ካልዞረ አትታገሉት፤ በሌላ መኪና አስጎትታችሁ ለማስነሳትማ እንዳትሞክሩ። ዘይቱ ይፍሰስና ይታይ። ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ተቀላቅሎበታል፤ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለበት ብሮንዚኑ ተበልቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቴስታታው ወርዶ ሁሉም ይለካ። ፒስተንና ፋሻ ከካሚቻው ጋር ተጣብቀው፣ ብሎኩና ኮሎው ግን ደህና ከሆኑ ይታደስ። ኮሎው ተፍቆም ከሆነ ሬክቲፊካ ተወስዶ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ይቀነስለትና በዚያው ልክ ወፈር ያለ ብሮንዚን ይገባለታል። ከዚህ በፊት ተቀንሶ ተቀንሶ ልኩን የጨረሰ ኮሎ ግን ዳግም አይቀነስም፤ ኮሎ ራሱ ይገዛል። ቢዬላ ተሰብሮ ብሎኩን ከበሳው ደግሞ እድሳቱን እርሱት። ያን ጊዜ ታላቅህ ልክ ነው።

ሦስተኛ፣ «ሌላ ሞተር» ሲባል አዲስ ማለት እንዳይመስልህ። ሶማሌ ተራም ሄድክ ሌላ ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው ከሌላ መኪና የወረደ ነው። የራሳችሁ ሞተር ምን እንደጎደለው ከፍታችሁ ታውቃላችሁ፤ የዚያኛውን ጉድ ግን የሚያውቀው የወረደበት መኪና ብቻ ነው። ተነስቶ ድምፁን ሳትሰሙ፣ ሻጩም ዋስትናውን በጽሑፍ ሳይሰጥ ገንዘብ አትቁጠሩ። በዚያ ላይ ሊብሬው ላይ የሻንሲ ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም አለ። ዲክላራሲዮንና ደረሰኝ የሌለው ሞተር ካስገባችሁ፣ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ወይም መኪናውን ስትሸጡ ጣጣው ይመጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!

አራተኛውን ሁለታችሁም ረስታችሁታል። ለምን ሞቀ? አብርሃ ጅራ ቆላ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በታች። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ጭነት ይዞ፣ በዚያ ሙቀት፣ ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣ መኪና ራዲያተሩ በወንዝ ውኃ ዝቃጭ ከተደፈነ መንከሱ አይቀርም። ራዲያተሩ ሳይጠረግ፣ የውኃና የዘይት ፖምፓው ሳይታይ ብታሳድሱም ብትቀይሩም፣ የሚያፈስ እንስራ ይዞ ወንዝ መመላለስ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የድሮው አይደለም፤ ዓምና የሰማችሁትን ዋጋ ይዛችሁ አትደምሩ። ሦስት ቁጥር በወረቀት ጻፉ፦ መኪናው እንደቆመ ቢሸጥ ስንት ያወጣል? ለማስነሳት ስንት ይጠይቃል? እንደሱ ያለ የሚሠራ መኪናስ ስንት ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተደምረው ከሦስተኛው ከበለጡ፣ ማሳደስም መቀየርም ሳይሆን እንደቆመ መሸጥ ነው የሚያዋጣችሁ። «ይህን ሁሉ ከፍለንበት» እንዳትሉኝ። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።

ደግሞ የእናታችሁን ዕቁብ አትርሱ። የወጣለት ሰው መጣሉን ይቀጥላል፤ ሞተር ተኛ ብሎ ዕቁብ አይቆምም። ለጋራዥ አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የእሳቸው መዋጮ ለብቻ ይቀመጥ። ሁለታችሁም ለእድሳቱ የምታዋጡትን ጻፉና ተፈራረሙ። መካኒኩም የሚቀየረውን ዕቃ በዝርዝር ይጻፍላችሁ፤ አሮጌውንም ያስረክባችሁ።

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ብሎኩ ደህና ከሆነ፣ ኮሎውም ልክ ካለው፣ ከነሒሳቡም ካዋጣ አሳድሱት። ግን አትቸኩሉ። ሰሊጥ ከደረሰ ፍሬውን ስለሚያራግፍ ጊዜ እንደማይሰጥ፣ መኪና ያለው ሁሉ በጥቅምትና በኅዳር እንደሚሯሯጥ አውቃለሁ። የታደሰ ሞተር ግን ሮዳጅ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በቀላል ጭነት፣ ዘይቱም ቶሎ ተቀይሮ መሆን አለባቸው። ከጋራዥ እንደወጣ እስከ አፍንጫው ሰሊጥ ጭናችሁ ዳገት ብታወጡት ተመልሶ ይነክሳል። ለሰሊጡ ካልደረሰ ከኋላው ማሽላው አለ፤ እሱም ጭነት ነው።

ለታላቅህ ይህን አንብብለት። ከዚያ ሁለታችሁም አብራችሁ ጋራዥ ሂዱ፤ ሞተሩ ሲከፈት አንዳችሁም እንዳትቀሩ። በዓይን ያዩት ነገር አያጣላም።

እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ!