የተሰረዘ ዕዳ በማን መዝገብ ይጻፋል?

ከአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ



በዚህ ገጽ ላይ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ቀረጥ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ ከገበያችን የራቀ ይመስላል፤ ይኸውም የአሜሪካ መንግሥት ለተማሪዎች ያበደረውን ገንዘብ ይሰርዝላቸው ወይስ ያስከፍላቸው በሚል ለብዙ ዓመታት የቆየው ክርክር ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የብድርና የውል ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ዱቤ የሰጠና ዱቤ የተቀበለ ነጋዴ ከማንም ይልቅ ሊፈርድበት ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ከራሴ መዝገብ ልጀምር። እኔ ትምህርቴን በ12ኛ ክፍል የፈጸምሁ፣ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት ከ20 ዓመት በላይ በጸሐፊነት የሠራሁና የዱቤውን መዝገብ የምይዝ ሰው ነኝ። በ2020 የኮሮና በሽታ ገበያውን ባቀዘቀዘ ጊዜ (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ዕቃ በዱቤ ወስደው መክፈል ያቃታቸው ባለሱቆች በረከቱ። የምሠራላቸው ነጋዴ አንድ ቀን ጠርተውኝ የአንዲት አሮጊት ባለሱቅ ዕዳ እንዲሰረዝ አዘዙኝ። እኔም በመዝገቡ ላይ «የጠፋ ገንዘብ» ብዬ ጻፍሁ። እርሳቸው ግን መዝገቡን አይተው፣ «ጠፋ ብለህ አትጻፍ፤ ገንዘቡ የትም አልጠፋም። እኔ ከፈልሁት ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ስለ አሜሪካው ክርክር ባነበብሁ ቍጥር ይህ ቃላቸው ትዝ ይለኛል።

የአሜሪካ መንግሥት ለከፍተኛ ትምህርት በሰፊው ማበደር የጀመረው በ1958 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሶቭየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ ስላመጠቀች፣ አሜሪካኖች በሳይንስ ወደ ኋላ ቀረን ብለው ሠግተው ነበር። በ1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ብድሩን ይበልጥ አስፋፋው፤ በዚያን ጊዜ ባንኮች ያበድሩ፣ መንግሥትም ዋስ ይሆን ነበር። ከ2010 ወዲህ ግን አዲሱን የመንግሥት ብድር የሚሰጠው መንግሥት ራሱ ያለ ባንክ አማላጅነት ነው። የተበዳሪዎቹ ቍጥር 43 ሚሊዮን ያህል፣ ዕዳውም ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። ከዚህም በላይ ይህ ዕዳ እንደ ሌላው ዕዳ በኪሳራ ሕግ በቀላሉ አይቃለልም። የከሰረ ነጋዴ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዕዳው ሲሰረዝለት፣ በትምህርት ብድር የተያዘው ግን ከመጠን ያለፈ ችግር እንደሚደርስበት ለይቶ ማስረዳት ይገባዋል።

ክርክሩ የጋለው በኦገስት 2022 ነው። በዚያ ወር ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ከእያንዳንዱ ተበዳሪ ዕዳ ላይ እስከ 10,000 ዶላር፣ ከድኻ ቤተ ሰብ መጥተው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ላገኙት ደግሞ እስከ 20,000 ዶላር እንዲሰረዝ ማሰባቸውን አስታወቁ። የዓመት ገቢው ከ125,000 ዶላር በላይ የሆነ ነጠላ ሰው በዚህ ምሕረት አይገባም ነበር። ነገር ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 30 ቀን 2023 በ6 ድምፅ በ3 ብልጫ፣ ፕሬዚዳንቱ ይህን ያህል ገንዘብ ለመሰረዝ ከምክር ቤቱ ሥልጣን አልተሰጣቸውም ሲል ውሳኔውን ሻረው። በ2020 በኮሮና ምክንያት ቆሞ የነበረው ክፍያም በኦክቶበር 2023 እንደ ገና ተጀመረ። ቀለል ያለ አከፋፈል ይሰጣል ተብሎ በ2023 የወጣው ሌላ ዘዴም በ2024 በፍርድ ቤት ታገደ። ተበዳሪው «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖበት ቀረ።

የምሕረቱ ተቃዋሚዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት የበጀት ጽሕፈት ቤት የ2022ቱን ዕቅድ ወጪ ወደ 400 ቢሊዮን ዶላር ገምቶት ነበር። ይህን የሚሸከመው ግብር ከፋዩ ነው፤ ከግብር ከፋዮቹም መካከል ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ አናጢና የጭነት መኪና ነጂ፣ ከጕሮሮው ቀንሶ ብድሩን የጨረሰውም ሰው ይገኙበታል። በዚያው ዓመት በጁን ወር የአሜሪካ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደርሶ ስለ ነበር፣ በገበያው ላይ ተጨማሪ የመግዛት ዐቅም መልቀቅ ዋጋውን ያባብሰዋል ብለው የሠጉም ነበሩ። እኔም ራሴ ዩኒቨርሲቲ ያልገባሁ ሰው እንደ መሆኔ የአናጢው ቅሬታ ይገባኛል።

የደጋፊዎቹም ቃል መሠረት አለው። ብዙዎች ለዓመታት እየከፈሉ ወለዱ ስለ ተደራረበባቸው መጀመሪያ ከተበደሩት የበለጠ ዕዳ ተሸክመዋል። ከሁሉ ይልቅ መክፈል የሚያቅታቸውም ብዙ የተበደሩት ሐኪሞችና ጠበቆች አይደሉም፤ ጥቂት ተበድረው ትምህርቱን ሳይፈጽሙ የቀሩት ናቸው። ዲግሪው የላቸውም፣ ዕዳው ግን አለ። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ለመግዛትም ሆነ ሱቅ ለመክፈት ወደ ባንክ ሲሄድ የቀድሞው ዕዳ ቀድሞት ይጠብቀዋል፤ በዚህም ሻጩና አምራቹ ጭምር ደንበኛ ያጣሉ።

እዚህ ላይ እኛን ነጋዴዎችን የሚነካ አንድ ነገር አለ፤ በዝምታ ማለፍም ተገቢ አይሆንም። በ2020 እና በ2021 የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞቻቸውን እንዳያሰናብቱ ሲል ለንግድ ድርጅቶች ወደ 800 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አበደረ። ከዚህ ገንዘብ አብዛኛው ኋላ ተሰረዘ። እንግዲህ የተማሪው ዕዳ ሲሰረዝ «የአገር ገንዘብ ባከነ» ብሎ የሚጮኽ ነጋዴ የራሱን አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል። ሆኖም በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ፤ የንግዱ ብድር በተሰጠበት ቀን፣ ገንዘቡ ለደመወዝና ለመሰል ወጪ ከዋለ እንደሚሰረዝ በሕጉ ተጽፎ ነበር። ሁሉም ውሉን ዐውቆ ገባበት። ለእኔ የነገሩ ቍልፍ ይህ ነው። በውል ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ምሕረት ዋጋው የታወቀ ነው፤ ከውል በኋላ ተስፋ የተሰጠበት፣ ቀጥሎም የተነሣ ምሕረት ግን ከፋዩንም ያልከፈለውንም ያሳስታል።

የዚህን ጉዳት በራሳችን ቤት አይቼዋለሁ። የአሮጊቷ ዕዳ መሰረዙ በገበያ በተሰማ በወሩ፣ መክፈል የሚችሉ ሦስት ደንበኞች «ለእኛስ መቼ ነው?» እያሉ ክፍያቸውን አዘገዩ። ነጋዴውም ለአንድ ዓመት ያህል አዲስ ዱቤ ከመስጠት ተቈጠቡ፤ በዚህም የተጎዱት ምንም ያላጠፉት አዳዲስ ባለሱቆች ሆኑ። ይህ የሰው ጠባይ ጥንትም የታወቀ ነው። በኦሪት ዘዳግም በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲተው ሲታዘዝ፣ የምሕረቱ ዓመት ቀርቧል ብሎ ለድኻ ማበደርን የሚከለክል ሰው አብሮ ተገሥጿል። ሕጉን የሰጠው ወገን ምሕረትን የሚጠብቅ ገበያ ብድርን እንደሚዘጋ አስቀድሞ ተመልክቶ ነበር።

ታዲያ ዕዳ ፈጽሞ አይሰረዝ ማለቴ ነውን? አይደለም። በበኩሌ ዕዳው በሦስት መደብ ተለይቶ ሊታይ ይገባል እላለሁ።

የመጀመሪያው መደብ አስቀድሞ ቃል የተገባበት ዕዳ ነው። በ2007 የወጣው ሕግ፣ በመንግሥት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት እየሠራ 120 ወርኀዊ ክፍያ ለፈጸመ ሰው የቀረው ዕዳ እንደሚሰረዝለት ቃል ገባ። ነገር ግን አሥሩ ዓመት ሞልቶ በ2017 ማመልከቻ መቅረብ ሲጀምር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ 99 ያህሉ ውድቅ ሆነ። አሠራሩ ከ2021 ወዲህ ተሻሽሎ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ተጠቀሙ። በቨርጂኒያ የምትኖር ታናሽ እኅቴ ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ እርስዋም ክፍያዋን ትቈጥራለች። ባለፈው ጊዜ ስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ሰማንያ ስምንት ደርሻለሁ፤ ሕጉን ካልቀየሩብኝ ሠላሳ ሁለት ቀረኝ» አለችኝ። ክፍያው በቆመበት ዘመን ለእናታችን በየወሩ ትልክ ነበር፤ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ግን በየሁለት ወሩ ሆኗል። እናቴ ከሰፈሯ ባለሱቅ የምትገዛው ዘይትና ስኳርም በዚያው ልክ ቀንሷል። በአሜሪካ የሚሠሩ ልጆች ገንዘብ የሚልኩላቸው ደንበኞች ያላችሁ ባለሱቆች የዚህን ነገር ትርጕም ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው መደብ በማታለል የመጣ ዕዳ ነው። ኮሪንቲያን የተባለው ለትርፍ የቆመ የኮሌጆች ድርጅት ተመራቂዎቹ ስለሚያገኙት ሥራ በሐሰት እየሰበከ ተማሪ ሲሰበስብ ቈይቶ በ2015 ተዘጋ። መንግሥትም በጁን 2022 የ560,000 ተበዳሪዎችን 5.8 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሰረዘ። ይህ ምሕረት ሊባል አይገባውም። የተበላሸ ዕቃ የተላከለት ነጋዴ ዋጋውን እንዲከፍል የሚያስገድድ ሕግ በየትም አገር የለም፤ እንዲህ ያለው ሒሳብ ከሻጩ ሊጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው መደብ የቀረው ዕዳ ነው፤ ትልቁም ይኸው ነው። ይህን በጅምላ መሰረዝ አልደግፍም። ተበዳሪው በገቢው መጠን ይክፈል፤ ወለዱም ከዋናው ገንዘብ በላይ እንዳያብጥ ይወሰን። ከሁሉ በፊት ግን ዕዳው የሚፈልቅበት ምንጭ ይታይ። አበዳሪው ያለ ገደብ ሲያበድር ሻጩ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ ይደፍራል፤ ሊቃውንት በመጠኑ ባይስማሙም፣ ይህ በዩኒቨርሲቲ ክፍያም ላይ እንደሚታይ ብዙዎች ይናገራሉ። የዛሬውን ዕዳ ሰርዞ የነገውን የትምህርት ዋጋ ሳይመረምሩ መተው፣ ቧንቧው ሳይዘጋ ወለሉን እንደ መጥረግ ነው። በጁላይ 4 ቀን 2025 የጸደቀው የአሜሪካ ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለሚማር አዲስ ተበዳሪ በጠቅላላው ከ100,000 ዶላር፣ እንደ ሕክምናና ሕግ ላለ ሙያ ደግሞ ከ200,000 ዶላር በላይ እንዳይበደር ደንግጓል። ገደብ መደረጉን እደግፋለሁ። ይኸው ሕግ ባቋቋመው አዲስ የአከፋፈል ዘዴ ግን የቀረው ዕዳ የሚሰረዘው ከ30 ዓመት በኋላ ነው፤ ይህም አንድ ሰው ከምረቃው እስከ ጡረታው ዳርቻ የሚሸከመው በመሆኑ እጅግ የረዘመ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በእኛም አገር በ2003 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲከፍል አድርጓል። ገንዘቡን ከደመወዙ ቀንሶ ለመንግሥት ገቢ የማድረግ ግዴታ የተጣለውም በአሠሪው ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በእኛ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ቀጠርን። ቀደም ሲል በሠራችበት ድርጅት ለ19 ወር የወጪ መጋራት ክፍያ ከደመወዟ ሲቀነስ ቈይቶ ነበር። ዋናውን የትምህርት ማስረጃዋን ለማውጣት ሄዳ ስትጠይቅ ግን በስሟ የገባ አንድም ብር አልተገኘም። የቀድሞ አሠሪዋ ቀንሶ ወስዷል፣ ገቢ ግን አላደረገም፤ ድርጅቱም ከዚያ በኋላ ተዘግቷል። ልጅቷ የ19 ወሩን ገንዘብ ሁለተኛ ከፈለች። ደረሰኞቿን በፋይል ያሰርሁላት እኔ ነኝ።

እኛ ስለ አሜሪካ ዕዳ ስንከራከር ይህን ልንረሳ አይገባንም። ምሕረት በጎ ነገር ነው፣ ክፍያም በጎ ነገር ነው፤ ሁለቱም በጎ የሚሆኑት መዝገቡ እውነተኛ ሲሆን ነው። ስለዚህ አባላት ሁሉ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥሩ የወጪ መጋራት ውሉን አስቀርበው እንዲመለከቱ፣ የቀነሱትን ገንዘብ በወሩ ገቢ እንዲያደርጉ፣ የደረሰኙንም ግልባጭ ለሠራተኛው እንዲሰጡ እለምናለሁ። ምክር ቤታችንም የሥራውን አካሄድ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንደሚባለው፣ ከሰው ደመወዝ ላይ በቃላችን የቀነስነው ገንዘብ እስኪገባ ድረስ ባለዕዳዎቹ እኛ ነን።