ጨርቁን ገልብጠው ይዩ

አንዲት የማውቃት የልብስ ዲዛይነር እንግዳ በመጣባት ቁጥር ወደ ሰሜን አዲስ አበባ ይዛው ትወጣለች። መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን ታስጎበኘዋለች፤ ከሙዚየሙም የዘመኑን አልባሳት ታሳየዋለች። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ ሱቆች ይወርዳሉ። ምሳቸው ቆጮ በዳጣ ነው።

ለእሷ ዋናው ጉብኝት ግን ከሱቁ ኋላ ነው፤ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ጥለት የሚጥሉባቸው ጠባብ ቤቶች።

ሥጋቷ ሥጋቴ ነው። ዛሬ በፋብሪካ የታተመ የጥለት አምሳያ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ገዢው ካልለያቸው የሚያወዳድረው ዋጋን ብቻ ነው። በዋጋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቀናት የሚፈጅ ሸማ ማሽን የሚያትመውን ጨርቅ አያሸንፍም። ነጋዴው ሁለቱንም ስለሚሸጥ አይጎዳም፤ ተጎጂው ሸማኔው ነው።

ስለዚህ ባለሱቆች የእጅ ሥራውን ከታተመው ለይተው፣ የሸማኔውን ስም ጽፈው ይስቀሉ። ገዢም ጨርቁን ገልብጦ ይመልከት። የታተመው ከጀርባው ደብዛዛ ነው፤ የተሸመነው ግን ክሩ በጀርባም ይታያል። ዋጋውን ከዚያ በኋላ ይጠይቅ።